ሳይነኩት የሚበራው ኮምፒውተር

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እኛ ቤት ቀድሞ የሚያውቀው አምፖሉ አይደለም። የሳሎኑ አምፖል ከተቃጠለ ቆይቷል፤ የሚቀይረው ሰው ስለሌለ እንደተቃጠለ ቀርቷል። ቀድሞ የሚያውቀው የወንድሜ ኮምፒውተር ነው። ማንም ሳይነካው ጠረጴዛው ሥር ያለው ሣጥን አንዴ ጢጥ ይላል፤ ማራገቢያው እያጉረመረመ ይነሳል፤ ስክሪኑ ትንሽ ጠቁሮ ይቆይና ነጣ ይላል፤ ከዚያ የወንድሜ ፊት ይመጣል። ከፊቱ ሥር የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለ። ቃሉን የሚያውቅ ሰው የለም። ወንድሜ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው።

እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ስለ ዛርና ስለ ሙት መንፈስ ወሬ ሲጀመር ከሰው መሀል ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ምክንያቱን ልናገር። ኮምፒውተሩን እንዲህ እንዲሆን ያደረገው ራሱ ወንድሜ ነው። ሥራው ሠርግ መቅረጽና ቪዲዮውን ማቀናበር ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ መብራት የሚሄደው ሥራው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ነው፤ የሚመጣውም እሱ ተስፋ ቆርጦ ከረንቡላ ቤት ከሄደ በኋላ ነው። በዚህ ተናድዶ አንድ ቀን የኮምፒውተሩን ቅንብር ከፈተና ኃይል በተመለሰ ቁጥር ራሱን እንዲያበራ አዘዘው። «እኔ እስክደርስ ሞቅ ብሎ ይጠብቀኛል» ይል ነበር። ይኸው ነው፤ ተአምር የለበትም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ያን ጢጥ የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩት ነገር ከእጄ የሚወድቀው።

የሚመጣው ፊት ፎቶ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ጋፋት ላይ የተነሳ። አንድ እሑድ በእግራችን ሄደን፣ በገብስ ማሳ ዳር በምታልፈው ቀጭን መንገድ ላይ አዲሱን ጫማውን ጭቃ ውስጥ ነከረው። «ይህን ማን ሊያጥብልህ ነው?» ብዬ ስጮህበት ሳቀ። እየተናደድኩ በስልኬ አነሳሁት። ጥርሱ በሙሉ ይታያል፤ ዓይኖቹ በሳቅ ጠብበዋል። ከዚያ ሁሉ ፎቶው መርጦ ኮምፒውተሩ ላይ ያደረገው ያንን ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

የሞተው በመኪና አደጋ ነው። ሐሙሲት ከተማ አንድ ሠርግ ቀርጾ፣ ካሜራውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሚኒባስ ሲመለስ ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ ልጽፍ ጀምሬ ደጋግሜ ሰርዣለሁ፤ ይህችው ትብቃ።

ለቅሶው ላይ የሆነውን ግን መናገር አለብኝ። በእኛ አገር፣ በተለይ ከከተማ ወጣ ሲሉ፣ ሰው ሲሞት የሟቹ ዕቃ ለቅሶው መሀል ይወጣል። ልብሱ ይወጣል፣ ጠመንጃው ይወጣል፣ በቅሎ የነበረው ከሆነ በቅሎው ከነኮርቻው ይመጣል፤ ሰው ያንን እያየ ያለቅሳል። ከገሳይ የመጡት አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ድንኳኑ ውስጥ ቆመው ዙሪያቸውን ቃኙና «የልጄ መሣሪያ የታለ?» አሉ። ካሜራው ሐሙሲት መንገድ ላይ ቀርቷል። እሳቸው ወደ ቤት ገቡና ስክሪኑን ነቅለው፣ በነጠላቸው አቅፈው ይዘውት ወጡ። ለአክስቴ ኮምፒውተር ማለት ስክሪኑ ነው፤ ጠረጴዛው ሥር ያለውን ሣጥን ልብም አላሉት። ጥቁሩን ስክሪን ከፍ አድርገው ይዘው «የእጁን ሥራ እዩልኝ፣ የዓይኑን ማረፊያ እዩልኝ» እያሉ ሲዞሩ ሴቱ ሁሉ ደረቱን እየመታ ወደሳቸው ዞረ። እኔ ከፊት ነበርኩ። በጠፋው ስክሪን ውስጥ ለቀስተኛው ሁሉ ይታይ ነበር፤ ነጠላ ያዘቀዘቁት ሴቶች፣ የድንኳኑ ምሰሶ፣ እኔም ራሴ። እሱ ብቻ አልነበረም።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ አንድ ጎረቤታችን ስክሪኑን ወደ ቦታው መልሶ ገመዱን ሁሉ እንደነበረ ሰካካው። ደግ ሰው ነው፤ ያገዘን መስሎት ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። እናቴ ፍራሹ ላይ ከሁለት ሴቶች ጋር ተቀምጣ ነበር። ሣጥኑ ጢጥ አለ፤ ማራገቢያው ተነሳ። ፊቱ ሲመጣ አንደኛዋ ሴት «በስመ አብ!» ብላ ጫማዋን ሳታደርግ ከቤት ወጣች። እናቴ አልጮኸችም፤ አላማተበችም። ተነስታ ወንበር ሳበችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከሥራ አምሽቶ የገባ ጊዜ እንደምትለው አድርጋ «መጣህ?» አለችው።

ከዚያ ወዲህ መብራት በመጣ ቁጥር እንደዚያ ሆነ። ካልነኩት ስክሪኑ ትንሽ ቆይቶ ይጨልማል። እናቴ ይህን ማንም ሳይነግራት ደረሰችበት፤ ማውሱን ገፋ ስታደርገው ፊቱ ይመለሳል። ስለዚህ እጇን ማውሱ ላይ አሳርፋ ትቀመጣለች። አልፎ አልፎ ነካ ታደርገዋለች። «እንዳያንቀላፋ ነው» ትለኛለች። ታወራዋለች። ዝናቡ የጓሮውን አጥር እንደጣለው፣ የጎረቤት ላም እንደወለደች፣ እኔ ራት ሳልበላ እንደተኛሁ። እኔን መክሰስ በተለይ ትወዳለች። እኔ ያን ጊዜ ማድ ቤት ወይም መኝታ ክፍሌ ነኝ፤ እሱ ባለበት ክፍል አልቀመጥም። ይኸው እኔም «እሱ» አልኩ።

እናቴ ከቤት መውጣት ባትተው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልከፋኝ። መጀመሪያ ገበያ ተወች። ቀጥሎ ማኅበሯን ተወች፤ ተራዋ ሲደርስ ጠበሉን እኔ አደረስኩላት። በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ቀረች፤ ቅዳሴውን ከደጃችን ላይ ቆማ በድምፅ ማጉያው ትሰማና ትገባለች። ስጠይቃት መልሷ ያው አንድ ነበር። «እኔ ስወጣ መብራቱ ቢመጣሳ? ማንም በሌለበት ቤት መጥቶ ይቀመጥ?» መብራት የሚመጣበትን ሰዓት ደግሞ በደብረ ታቦር ምድር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ትጠብቃለች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ገሳይ ያሉት አክስቴ ታመሙ። ስክሪኑን አቅፈው የዞሩት እሳቸው፣ እግራቸው አብጦ አልጋ ላይ ዋሉ። ልጃቸው ደወለና «እህቴን ሳላያት እንዳልሞት እያሉ ነው» አለን። ገሳይ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ሚኒባስ የያዘ ሰው ከምሳ በፊት ደርሶ ማታ ቤቱ ሊገባ ይችላል። እናቴ ስልኩን ዘግታ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ «እሄዳለሁ፤ መብራቱ ረጋ ይበልና» አለች። መብራቱ አልረጋም። ሳምንቱ አለቀና ሌላ ሳምንት ጀመረ። የአክስቴ ልጅ ደጋግሞ መደወሉን አልተወም፤ እናቴም «ነገ» ማለቷን አልተወችም። እኔ መፍራት ጀመርኩ። አንዱን ልጇን ስትጠብቅ እህቷን ሳታይ ልትቀር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይህችን እናት ምን አደርጋታለሁ?

እኔም በዚያው ሰሞን ኮምፒውተር ያስፈልገኝ ነበር። የሁለተኛ ዲግሪዬን መመረቂያ ጽሑፍ የማስረክብበት ጊዜ ደርሷል፤ ትምህርት ቤቱም ፈተናችሁን ራሳችሁ ጽፋችሁ አምጡ ማለት ጀምሯል። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ «የትኛውን ልግዛ?» ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቅ እርዳታ ሳይሆን ጠብ አነሳሁ። ከወላይታ የመጣው የፊዚክስ መምህር ላፕቶፕ ካልሆነ አልሰማም አለ። «ባትሪ አለው። መብራት ሄደ አልሄደ ምን አገባሽ?» የሒሳቡ አዛውንት መምህር ደግሞ በዚህ ሳቁ። «ላፕቶፕ አንዱ ነገሩ ሲበላሽ ሁሉ ነገሩ ይበላሻል። ዴስክቶፕ ግን እንደ ሰው ነው የኔ ልጅ፤ አንድ ክፍሉ ሲታመም ያንኑ ታክሚያለሽ።» ፊዚክሱ «መብራት ሲጠፋስ ጋሼ?» አላቸው። እሳቸውም «ሲጠፋ ታርፋለች» አሉ። ደወል እስኪደወል ተከራከሩ፤ እኔን ምን እንደሚያስፈልገኝ የጠየቀኝ የለም።

ወንድሜ ቢኖር ከሒሳቡ መምህር ጋር ይሰለፍ ነበር። ላፕቶፕ አይወድም። ሣጥኑን ከፍቶ አቧራውን እያራገፈ «ይሄ ሆዱን ያሳይሻል፤ ላፕቶፕ ግን ሚስጥረኛ ነው» ይለኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ከተገዛ በኋላ ያልቀየረው ነገር አልነበረም። እኔ ግን በዚያ ወቅት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ራሱን የማያበራ ኮምፒውተር። ሳዘው የሚነሳ፣ ስዘጋው የሚዘጋ። ያ ደግሞ ላፕቶፕ ነው።

ገበያው አጠገብ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አለ። ወንድሜ ዕቃ የሚገዛው ከእሱ ነበር። ረመዳን ሲሆን ወንድሜ ጾም ሲፈታ አብሮት ለማፍጠር ይሄድ ነበር፤ ለለቅሶውም ሦስቱን ቀን ውሎልናል። ላፕቶፖቹን አንድ በአንድ እየከፈተ አሳየኝ። አንዱ ቀላል ነው ግን ባትሪው ደክሟል፤ አንዱ ባትሪው ደህና ነው ግን ሲይዙት እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነው። አዲስ ዴስክቶፕም ነበረው፤ ስክሪኑ የወንድሜን ሁለት ያህላል። ስፋቱን ሳየው ፊቱ በዚያ ላይ መጥቶ ታየኝና ቶሎ ዞር አልኩ። «አሮጌ ሲፒዩ ካለሽ አምጪው፤ አይቼው እቀንስልሻለሁ» አለኝ፤ ሲፒዩ የሚለው ሣጥኑን ነው። የማንን እንደማመጣ አላወቀም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ሐሳቡ የመጣልኝ እዚያው ቆሜ ነው። እናቴም እንደ አክስቴ ናት፤ ለእሷም ኮምፒውተር ማለት ስክሪኑ ነው። ሣጥኑ ቢሄድ መብራት ሲመጣ የሚነሳ ነገር አይኖርም። ስክሪኑ ግን ቦታው ላይ ስለሚሆን የጎደለ ነገር አታይም። ይቀራል፣ ደግሞም ይቀራል፤ ቀስ በቀስ መጠበቁን ትተወዋለች፤ ገሳይም ትሄዳለች። አሁንም ክፉ ሐሳብ ነበር አልልም። ሌላ ምንም አልነበረኝም።

በማግስቱ እናቴ ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ የሣጥኑን ገመዶች ነቀልኩ። መብራት አልነበረም። ሣጥኑን በማዳበሪያ ከረጢት ከትቼ ባጃጅ ላይ ስጭነው ከባድ ሆነብኝ፤ እንደዚያ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም። ባጃጁ በድንጋዩ መንገድ ሲዘል ከረጢቱ ጭኔን እየመታኝ፣ ወንድሜን ይዤ የምሸሽ ነው የመሰለኝ። ለነጋዴው ከነከረጢቱ ሰጠሁት። «መብራት ሲመጣ እሞክረዋለሁ፤ ከሰዓት ተመለሺ» አለኝ። ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ። ከጉና ተራራ በኩል የሚወርደው ብርድ ጀርባዬን እየገፋኝ፣ ዕዳዬን ያወረድኩ ያህል ቀሎኝ ነበር።

መንገድ ላይ እንዳለሁ መብራት መጣ። አንድ ሙዚቃ ቤት መሀል ላይ ያቋረጠውን ዘፈን ከዚያው ቀጠለ፤ የብረታ ብረት ቤቱ መቁረጫ ጮኸ። እግሬ ሳላዘው ፈጠነ። ሮጬ ነው የገባሁት።

እናቴ ወንበሯ ላይ ነበረች። ስክሪኑ በርቷል፤ ሣጥኑ ባይኖርም እሱ ለብቻው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነበርና ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ይዞ ቆሟል። ፊት የለበትም። እጇ እንደ ወትሮው ማውሱ ላይ ነው፤ ትገፋዋለች፣ ትጠብቃለች፣ እንደገና ትገፋዋለች። የማውሱ ገመድ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወርዶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ምንም ነገር ላይ አልተሰካም። ስገባ አልዞረችም።

«ዛሬ ዘገየ» አለችኝ።

በሩ ላይ ቆሜ ያን ገመድ አየሁት። ዕድሜ ልኬን ሬሳ አይቻለሁ፤ ክፍል ውስጥም እንቁራሪት ቀድጄ አሳያለሁ፤ እንደዚያ ገመድ ያስፈራኝ ነገር ግን የለም። ነጠላዬን ሳላስተካክል ወደ ገበያ ተመልሼ ወጣሁ።

ነጋዴው ሱቁ ውስጥ አልነበረም። ደጅ፣ በጀመረው ዝናብ ላይ፣ እጁን እስከ ክንዱ እንደታጠበ ቆሟል፤ ከእጁ ውኃው ይንጠባጠባል። ሲያየኝ መጀመሪያ ተቆጣ። «እህቴ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?» አለኝ። ሣጥኑን ከአንድ ስክሪን ጋር አገናኝቶ፣ ሶኬቱ ላይ ሰክቶ ትቶት፣ ለዙህር ሶላት ሊታጠብ ወደ ጓሮ ወጥቷል። መብራት የለም፤ ምን አስቦ ይፈራል? ታጥቦ ሲመለስ ሱቁ መሀል ጓደኛው እየሳቀ ጠበቀው። «ኢና ሊላሂ ብዬ ወጣሁ» አለኝ፤ ሰው ሲሞት የሚሉትን። «አልገባሁም። አንቺ ግቢና አጥፊው።»

ገባሁ። ከሞተ ጀምሮ ፊቱን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀንም አላየሁትም። ወደ መሬት እያየሁ ሄጄ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩ። ነጋዴው ከውጭ ሆኖ «ብትፈልጊ ሌላ ሰው ያጥፋልሽ፣ ውስጡ ያለው ይጠረግልሽ፣ አዲስ ይደረግልሽ» አለኝ። «እኔ ግን በእጄ አልጠርገውም። እዚህም አላሳድረውም።» ወዲያው ደግሞ ነጋዴነቱ ተመለሰበትና «ላፕቶፑን ግን ውሰጂ፤ አንቺ ላፕቶፕ ነው የሚያስፈልግሽ» አለኝ። ባትሪው ደህና የሆነውን፣ ከባዱን ወሰድኩ። እንግዲህ ላፕቶፕና ዴስክቶፕ ሳማርጥ ከርሜ በመጨረሻ ሁለቱንም በአንድ ባጃጅ ይዤ ገባሁ።

እናቴ ሣጥኑን ስመልስ እያየችኝ ነበር። «የት ወስደሽው ነበር?» አላለችኝም። ስሰካካ ቆይታ «ገመዱን ጠበቅ አድርጊው» ብቻ አለች። ያን ቀን ገባኝ፤ ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ብቻ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። ስወስደውም ሰምታኝ ይሆናል። ሄዶም ቢሆን ይመጣል ብላ ነው የተቀመጠችው።

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም። ላፕቶፑን ካስተካከልኩ በኋላ ያንኑ የጋፋቱን ፎቶ ከስልኬ ወስጄ እዚያ ላይ አደረግሁት፤ ሲከፈት ልክ እንደዚያኛው የወንድሜ ፊት ብቅ ይላል። መላ ያገኘሁ መሰለኝ። መብራት አይጠብቅም፤ ይዛው መሄድ ትችላለች፤ ገሳይ አክስቴ አልጋ አጠገብ አስቀምጣው አብረው ያዩታል። እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ጭኗ ላይ አደረግሁላት።

«ይኸው እማ፤ ይሄኛው ባትሪ አለው። ስትፈልጊ ትከፍቺዋለሽ።»

አየችው። በነጠላዋ ጫፍ ስክሪኑን ጠረግ አደረገችው። ክዳኑን ዘጋችው፤ ከፈተችው፤ ፊቱ መጣ። እንደገና ዘጋችው።

«ይሄማ ፎቶ ነው» አለች።

«ያኛውም እኮ ፎቶ ነው። ያው አንድ ፎቶ ነው! እኔ ነኝ ያነሳሁት!» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

እሷ አልተቆጣችም። ቀስ ብላ፣ ለማይገባው ተማሪ እንደማስረዳው አድርጋ መለሰችልኝ። «ይሄ ስከፍተው ነው የሚመጣ። ያ ሳልጠራው ነው የሚመጣ። አንድ አይዶለም፣ የኔ ልጅ።» ላፕቶፑን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

የመጨረሻው ስልክ የተደወለው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የአክስቴ ልጅ በዚህ ጊዜ ከእናቴ ጋር አልተነጋገረም፤ እኔን ጠየቀኝ። «ምግብ ትተዋል። ቄሱም መጥተው ሄደዋል። ከመጣች ዛሬ ትምጣ» አለኝ። ለእናቴ የሰማሁትን ሳልቀንስ ነገርኳት። ነጠላዋን አነሳች። ጫማዋን አደረገች። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። ወደ ስክሪኑ ዞራ አየች፣ ወደ ደጁ አየች፤ እግሯ ግን ደፉን አላልፍ አለ። እናቴን እንደዚያ ለሁለት ስትቀደድ አይቻት አላውቅም። ንዴት ይሁን ለቅሶ ሳልለየው አንድ ነገር ከአፌ ወጣ።

«እኔ እቀመጥለታለሁ።»

«አንቺ?»

«እኔ። ሂጂ።»

ፊቴን በደንብ አየችው። የምቀልድ መስሏት ነበር። ከዚያ ተመልሳ መጥታ ወንበሩን አሳየችኝ። «እዚህ ነው። ማውሱን ብዙ አትግፊው፤ ነካ ነው። ዝም አትበይው፤ ዝምታ አይወድም። እንደመጣ ደግሞ እኔን የት ሄደች ይላል፤ እታለም ታመው ነው በይው።» እታለም የምትላቸው አክስቴን ነው። እሺ አልኳት። ሁሉንም እሺ አልኳት። እስከ መናኸሪያ ላደርሳት ብል «ተይ፤ ቢመጣሳ?» አለችኝ። ብቻዋን፣ ከብዙ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ከመስኮቱ አየኋት። በሩን ከወጣች በኋላ እግሯ ፈጥኖ ነበር።

ቅዳሜን መብራት አልመጣም። ላፕቶፑን የወንድሜ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጠፋው ስክሪን አጠገብ አድርጌ መመረቂያ ጽሑፌን ቀጠልኩ። ጥሩ ይሠራል፤ የፊዚክሱ መምህር እውነቱን ነው። ብቻ ዓይኔ በየመሀሉ ወደ ጥቁሩ ስክሪን ይሄዳል፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ የላፕቶፑ ብርሃን ያረፈበት የገዛ ፊቴ ነው ያለው። እናቴ ከሰዓት በኋላ ደወለች። ደርሳለች። አክስቴ አውቀዋታል፤ እጇን ይዘው አለቀሱ፤ ከእጇም ጥቂት ድንች ፍትፍት ቀመሱ። በዚያ ደስታ መሀል ጠየቀችኝ። «መጣ?» «አልመጣም» አልኳት። «ተቀመጪ እንግዲህ» አለችኝና ከአክስቴ ጋር አገናኘችኝ። እሳቸውም በደከመ ድምፅ «መሣሪያውን ትጠብቂለታለሽ?» አሉኝ። «እጠብቅለታለሁ፣ እርስዎ አይዞዎት» አልኳቸው።

እሑድ ረፋዱ ላይ ለእናቴ ቃሌን ልጠብቅ እንጂ ሌላ ምንም አላሰብኩም ነበር። የላፕቶፑ ባትሪ እየደከመ ስለሄደ ዘግቼው እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ድንገት ከእግሬ ሥር ጢጥ አለ።

አልተነሳሁም። ልቤ ግን ተነሳ። ማራገቢያው አጉረመረመ፤ ስክሪኑ ጠቆረ፤ ነጣ። ፊቱ መጣ። በዚህ ጊዜ የማየው ወለል አልነበረም፤ ቀና ብዬ አየሁት።

ጥርሱ በሙሉ ይታያል። ዓይኖቹ በሳቅ ጠብበዋል። የገብሱ ማሳ ከኋላው አለ፤ ጭቃው አይታይም፤ እኔ ግን የት ላይ እንዳለ አውቃለሁ። እዚያ ቀን ላይ ያለሁ ያህል የራሴ ጩኸት ጆሮዬ ላይ መጣ። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ይህ ሰው የሚስቀው ለእናቴ አይደለም። እናቴ እዚያ አልነበረችም። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ የሚያየው እኔን ነው። ይህን ሁሉ ወር እናቴ ተቀምጣ ስታጫውተው፣ እኔ ማድ ቤት ተደብቄ ሳለሁ፣ ይህ ዓይን በእሷ በኩል አልፎ እኔን ሲፈልግ ነበር።

ስክሪኑ መጨለም ሲጀምር እጄ ሳላዘው ማውሱን ነካ አደረገው። ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሊጨልም ሲል እንደገና ነካሁት። «እማ ገሳይ ሄዳለች» አልኩት። ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ። «አክስቴ ታመው ነው።» ከዚያ ምን እንደምለው ጠፋኝና «ጫማህን አጥቤልሃለሁ» አልኩት። እውነት ነው፤ ያን እሑድ ማታ አጥቤለት ነበር፤ እንዳጠብኩለት ግን አልነገርኩትም ነበር።

ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ የአክስቴም ሳል ይሰማል።

«መጣ?» አለችኝ።

«መጣ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ያየኛል።»

እፎይ ስትል ሰማኋት። «እንግዲያ እኔ ሁለት ሦስት ቀን ልሰንብት፤ አንቺ አለሽለት» አለችኝ። «በይ እንዳትነሺ።»

ስልኩን ዘጋሁና ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ቀረብ አደረግሁ። አልተነሳሁም።